ሦስት ጊዜ የተፈተነው ሄልሜት

ሰውየውን ማናደድ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው፤ ከዕቃ ቤቱ አንድ ነገር ሳይፈተን ይዛችሁ ለመውጣት ሞክሩ። አምፖል ይሁን፣ ባልዲ ይሁን፣ አንዲት ጓጉንቸር ትሁን፣ መጀመሪያ እሱ ፊት ትፈተናለች። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። ባልዲው ውሃ ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፤ ጠብ ካላለ ብቻ ቂጡ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ያርፍበታል፦ «ተፈትኗል»። ጓጉንቸሯ ሃያ ጊዜ ትቆለፋለች፣ ሃያ ጊዜ ትከፈታለች። ወረፋ ይዞ የቆመው ሰው ቢያጉረመርም፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። «ቸኩለህ ከሆነ ነገ ና» ይላል፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ።

ድርጅቱ ደብዳቤና ጥቅል በሳይክል የሚያደርስ ነው። ስልሳ መልእክተኞች አሉት፤ «ፈታኙ» የሚል ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። በስድብ መልክ ያወጡትን ስም እሱ ሰምቶ ደስ አለው፤ ከዚያ ወዲህ ለስድብ አልሆን አላቸው። አጥብቆ የሚያሾፍበት ሳይክሎቹን የሚጠግነው መካኒክ ነው። «ለዚህ ሰውዬ ክብሪት አታምጡለት» ይላል፣ «አንድ በአንድ ጭሮ ጭሮ፣ ‹ሁሉም ይሠራል› ብሎ ማኅተም ይመታበታል።» መካኒኩ እንደ ልቡ ቢናገር ማንም አይከለክለውም። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ ፈታኙ ገና ምንም የማይፈትን ጎረምሳ ሳለ፣ አዲስ መሰላል ከነላስቲኩ አውጥቶ የሰጠው ለሱ ነበር። ሦስተኛው እርከን ላይ እንጨቱ ተገነጠለ። መካኒኩ እስከ ዛሬ ግራ እግሩን ይጎትታል። እሱስ ረስቶታል፤ ያልረሳው መሰላሉን የሰጠው ነው።

እንግዲህ የፈታኙ አንዲት ልጅ፣ ያለችው እሷ ብቻ፣ መልእክተኛ ሆና እዚያው ድርጅት ተቀጠረች። «ሌላ ሥራ ጠፋ?» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈ። «ወንበር ላይ ተጎልቼ መዋል አልችልም አባዬ» አለችው። ሚስቱ እንኳ ከልጅቷ ጋር ወግና፣ «ተዋት፣ ደስ ያላትን ትሥራ» አለች። የደረሳት መስመር ደግሞ፣ ሌላው ሁሉ አልቆ፣ የላይኛው ሰፈር ሆነ። የላይኛው ሰፈር ማለት ቁልቁለቱ ማለት ነው፤ ከጥርስ ሐኪሙ በር ተነስቶ እስከ ታችኛው አደባባይ ቁልቁል የሚወረወር፣ መሃሉ ላይ የቦይ ክዳን የጎደለበት መንገድ። ባለፈው ዓመት አንድ መልእክተኛ እዚያ ወደቀ። አልሞተም። ግን እስከ ዛሬ የልጆቹን ስም ያምታታል፤ ትልቁን በትንሿ ስም ይጠራና፣ ልጁም ምስኪን «አቤት» ይላል። ፈታኙ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ከቁልቁለቱ እስክትመለስ ድረስ ምሳ አይወርድለትም።

አሮጌዎቹ ሄልሜቶች ያለቁት በዚህ መሃል ነው። ማሰሪያቸው ተበጣጥሷል፣ ግማሹም በፀሐይ ብዛት ተፈርፍሯል። ፈታኙ አዲስ ይገዛ ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ፣ ወጣት ሰው ነው፣ ወረቀት ይወዳል፣ ቢሮው አስጠራው።

«ጋሼ፣ ይኸው ቁጥሩ። ባለፈው ዓመት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተጎዱት ዘጠኝ ሰዎች፣ ስድስቱ ሄልሜት ያደረጉ ናቸው። ያላደረጉት ሦስት ብቻ! እንዲያውም ባይደረግ ነው የሚሻለው።»

«ከስልሳው ሰው ሄልሜት የሚያደርገው ስንት ነው?»

«ማለት?»

«ማለትማ፣ ስንት ሰው ያደርጋል? ስንት ሰው አያደርግም?»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ገለባበጠው። እሱ ወረቀቱ ላይ የለም። ወይ ጉድ! ፈታኙ ጥርሱን ነክሶ ወጣና አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ቆጠረ። አርባ ስምንቱ ራሳቸው ላይ ያደርጉታል፤ አሥራ ሁለቱ መሪው ላይ እንደ ዘንቢል አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ስታያቸው ደምህ ይፈላል። ተመልሶ ገባ። «ካደረጉት አርባ ስምንት፣ ስድስት ተጎዱ። ከስምንት አንድ ሰው ማለት ነው። ካላደረጉት አሥራ ሁለት ደግሞ ሦስት። ከአራት አንድ! ታዲያ የቱ ነው የሚሻለው?»

«እሺ ጋሼ፣ አሸነፉ።»

«አላሸነፍኩም!» አለ ፈታኙ። «እነዚያ አሥራ ሁለቱ ቀይ መብራት የሚጥሱት ዕብዶችም እነሱው ናቸው። ሄልሜት ስላላደረጉ ይሁን ስለቀበጡ፣ በምን አውቃለሁ? ይኸ ፈተና አይደለም። እኩል ከእኩል ካልተያየ ፈተና አይባልም።»

«አሸንፈው ሳለ ከራስዎ ጋር ይከራከራሉ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ግንባሩን በእጁ ይዞ።

እኩል ከእኩል ማየቱ እንግዲህ በሐብሐብ ሆነ። ከአቅራቢው ድርጅት ለናሙና አንድ ሄልሜት ተላከ፤ ፈታኙ ደግሞ የሰው ጭንቅላት የሚያህሉ፣ በሚዛን የተመጣጠኑ አሥር ሐብሐቦች አስመጣ። አምስቱ ሄልሜት ለብሰው፣ አምስቱ ራቁታቸውን፣ ከአንድ መሰላል፣ ከአንድ እርከን፣ አንድ ሲሚንቶ ላይ ይወድቃሉ። መካኒኩ ወዲያው ጠንካራ ጠንካራውን እየመረጠ ለሄልሜቱ ለየ። «ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ጮኸበት ፈታኙ። «እንዲያሸንፍልህ ነዋ!» «እኮ! አንተ ከመረጥክለት ምኑ ፈተና ሆነ?» ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ቁጥር በወረቀት ተጻፈና ስልክ ኦፕሬተሯ ዓይኗን ጨፍና ዕጣ አወጣች።

ራቁታቸውን የወደቁት አምስቱም ተበታተኑ፤ ግቢው ቀይ በቀይ ሆነ። ሄልሜት ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጭረት ሳይነካቸው ወጡ። አራተኛው ተሰነጠቀ። አምስተኛው ለሁለት ተከፈለ። «ይኼ እኮ በስሎ ያለፈበት ነው፤ እናንተ ስትጨቃጨቁ ፀሐይ ላይ ዋለ» አለች ኦፕሬተሯ፣ አንድ ቁራጭ አንስታ እየበላች። እውነት ነው ተባለ፤ ተበላ። ፈታኙም ለሥራ አስኪያጁ፣ «ሄልሜት ተአምር አይሠራም፣ ግን ይረዳል። እንዲህ ብለህ ጻፍ» አለው። ስልሳ ሄልሜት ታዘዘ።

ሄልሜቶቹ የመጡ ዕለት ሥራ አስኪያጁ «አሁኑኑ ይታደሉ» አለ። ፈታኙ ሰው የሰደበው ያህል ቀና ብሎ አየው።

«ሳይፈተኑ?»

«በሐብሐብ ፈተንን እኮ ጋሼ!»

«እሱ የአንዱ ነው። እነዚህ ስልሳ ናቸው። አንዱ ውስጡ ነቅዞ ቢሆንስ? ማን ራስ ላይ ነው የሚወጣው?»

ከየሣጥኑ በጉንዳን ፊደል የተጻፈ ወረቀት ይወጣ ነበር። ማን ያነበዋል? ሰብስቦ የዕቃ ቤቱን መስኮት ወለወለበት፤ ያውም በደንብ ነው የሚያጠራ። ከዚያ አምስት ኪሎ አሸዋ በከረጢት ቋጥሮ፣ እያንዳንዱን ሄልሜት አሸዋውን አቅፎ እንዲወድቅ አድርጎ አሰረና፣ ከስድስተኛው እርከን ወደ ሲሚንቶው ይለቅ ጀመር። ዷ! ዷ! ዷ! ሦስት ቀን ሙሉ። ኦፕሬተሯ ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች። አራቱ ተሰነጠቁ። ፈታኙ አራቱን አንጠልጥሎ በየቢሮው ዞረ፤ «አያችሁ? አያችሁ? እነዚህ ሰው ራስ ላይ ቢሆኑ ኖሮስ?» እያለ። ያን ጊዜ የሚስቅበት ሁሉ አፉን ያዘ። ሥራ አስኪያጁ ምስጋናውን ጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈለት። ያልተሰነጠቁት ሃምሳ ስድስቱ ማኅተም ተመታባቸውና ተከፋፈሉ።

የልጁን ለብቻው አስቀምጦት ነበር። ሌላው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ነው የተጣለው፤ የሷን በግንባሩ ጣለው፣ በማጅራቱ ጣለው፣ በጎኑ ጣለው። ምንም አልሆነም። ሦስት ማኅተም አሳረፈበት። ይኸ አድልዎ መሆኑን ያውቃል፤ ግን ምን ያድርግ፣ ልጁ ናት።

የልጅቷ ሳይክል ፍሬን ሲያዝ ይጮሃል። ዝም ብሎ መጮህ አይደለም፣ ጥርስ ያስነክሳል። ፈታኙ ጠዋት ጠዋት የመካኒኩን ደጅ ሳያንኳኳ አይውልም ነበር፤ «ፍሬኗን አትሠራላትም?» «ይይዛል እኮ፣ መጮህ ብቻ ነው።» «ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል!» «ነገ እሠራዋለሁ።» ይኸ ነገ ዓመት ሊሞላው ነው። ሄልሜቶቹ ከታደሉ ሁለት ሳምንት ሲሆን ግን ጩኸቱ ጠፋ። ፈታኙ ደስ ብሎት ሄዶ አመሰገነ። መካኒኩ ዓይኑን አፈጠጠ። «እኔ አልነካሁትም።»

የዚያን ዕለት እራት ላይ ጠየቃት።

«አልይዘውማ!» አለች እየሳቀች። «ቁልቁለቱን ዝም ብዬ መለቀቅ ነው አባዬ፣ ነፋሱን ብታየው! ሦስት ማኅተም አናቴ ላይ ተሸክሜ ምን ያስፈራኛል?»

ተቆጣት። «ሄልሜት እንጂ ክንፍ አልሰጠሁሽም!» ብሎ ጮኸ። እናቷም ማንኪያዋን አስቀምጣ ተቆጣች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን፣ ሰውየው ውስጡ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ለሃያ ሰባት ዓመት ሲሾፍበት የኖረውን ማኅተሙን፣ አንድ ሰው እንዲህ ሲያምነው።

በማግስቱ ከምሳ በፊት፣ የአቅራቢው ድርጅት ሠራተኛ በተሰነጠቁት በአራቱ ምትክ አራት አዲስ ሄልሜት ይዛ መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትናገር ሴት ናት። ፈታኙ ፈርሞ ተቀበላትና፣ እሷ ደረሰኟን እስክታጥፍ የመጀመሪያውን አሸዋው ላይ አስሮ መሰላሉን ወጣ።

«ኧረ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልፈትነው ነዋ።»

«ከፈተኑት በኋላስ?»

«ካለፈ ማኅተም ይመታበታል፣ ይሰጣል።»

የሴትየዋ ደረሰኝ ከእጇ ወደቀ። «ሌሎቹንም እንዲህ አድርገው ነው የሰጡት?»

«አንድም አልቀረ» አለ ፈታኙ፣ ኮራ ብሎ።

«አባቴ፣ ይውረዱ» አለች። «እባክዎ ይውረዱ። ሄልሜት አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግል። ውስጡ ያለው ነጩ ፎም ነው ምቱን የሚውጠው፤ የሚውጠውም እሱ ተደፍጥጦ ነው። አንዴ ከተደፈጠጠ አይመለስም። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልቆለታል። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ! ‹ከተመታ ይጣል› ይላል።»

«ታዲያ ፋብሪካው ሳይፈትን ነው የሚሸጥ?»

«ይፈትናል እንጂ! በየዙሩ ካመረተው ጥቂቱን በዕጣ አንስቶ ይሰብራል። የሰበረውን ይጥላል፣ ያልነካውን ይሸጣል። እርስዎ የሰበሩትን ነው የሰጡት።»

ፈታኙ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ቀረ። አራተኛው ሐብሐብ ታየው። አምስተኛውም ታየው። ያው አንድ ሄልሜት ነበር፤ አንዱን ሄልሜት ነው አምስት ጊዜ የጣለው፤ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ሐብሐቡ ለሁለት ተከፈለ፤ እነሱ ግን በስሎ ያለፈበት ነው ብለው በሉት። የመካኒኩ ክብሪትም ትዝ አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አላምንም፣ እስቲ ልፈትነው» ይል ነበር። አሁን ግን በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈትን አመነ። ከመሰላሉ ወረደ። ሃምሳ ስድስት ሰው። ደግሞ የሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ነው፤ የልጁ ሦስት።

«ሁሉንም ጥሪያቸው!» ብሎ ኦፕሬተሯ ላይ ጮኸ። «ሳይክላቸውን እየገፉ በእግራቸው ይመለሱ በያቸው!»

«ማን ያነሳል ጋሼ? ሳይክል ላይ ሆኖ ስልክ ያነሳ ከሥራ ይሰናበታል ብለው ደንብ ያስወጡት እርስዎ አይደሉ!»

«ልጄስ? የት ናት?»

ኦፕሬተሯ መዝገቡን አይታ ደወለች። «ጥርስ ሐኪሙ ጋ አንድ ጥቅል አላት፤ ስልኩ ግን ተይዟል። አሁን ትደርሳለች። ከዚያ...» አልጨረሰችውም። ከዚያ ቁልቁለቱ ነው፤ ሁሉም ያውቃል።

ኦፕሬተሯ ሌሎቹ ወደሚደርሱበት ቤት ሁሉ መደወል ቀጠለች፤ ከጋራዡ ሆኖ ሁሉን የሰማው መካኒክ ምንም ሳይጠይቅ ሞተር ሳይክሉን አስነሳ። ፈታኙ አንድ አዲስ ሄልሜት አቅፎ ከኋላው ተፈናጠጠ። መንገዱ ደግሞ፣ መቼም ቀን ሲጥል፣ ያልተዘጋ የለም፤ አንዱ ጭነት መሃል መንገድ ላይ ያራግፋል፣ አንዱ መኪናውን አቁሞ ጓደኛውን ሰላም ይላል። «ጥሩምባ ንፋ እንጂ!» ይላል ፈታኙ። «እየነፋሁ ነው እኮ!» ይላል መካኒኩ። «አጥብቀህ ንፋ!» «አጥብቆ የሚነፋ ጥሩምባ የት አለ!» ቀጥሎ መካኒኩ ዘወር ብሎ አየውና፣ «ያቀፍከውን እንኳ አናትህ ላይ አድርገው እንጂ ሰውዬ፣ ልትወድቅ ነው» አለው።

«አላደርገውም። የሷ ነው።»

ትንሽ ሄደው መካኒኩ፣ «ያኔ የሰጠኸኝ መሰላልም» አለ ሳይዞር፣ «ሆን ብለህ አልነበረም። ይኸም ሆን ብለህ አይደለም።»

ደረሱ። ልጅቷ ከጥርስ ሐኪሙ በር ወጥታ፣ ሳይክሏ ላይ ወጥታ፣ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ነበር። ፊቷን ወደ ታች አዙራለች። ሞተሩ ሳይቆም ፈታኙ ዘሎ ወረደ።

«ቁሚ! ቁሚ! ቁሚ ብዬሻለሁ!»

ሰፈሩ በሙሉ ዞሮ አየው። ልጅቷ ደንግጣ እግሯን መሬት አስነካች። «አባዬ! ምን ሆነሃል? እማዬ ደህና ናት?»

እጁን ልኮ አገጯ ሥር ያለውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር፤ ሦስቴ አመለጠው። ሄልሜቱን አወለቀላት፣ ገለበጠው፣ የውስጡን ጨርቅ ቦጭቆ አወጣ። ነጩ ፎም ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ተሰንጥቋል፤ በጎኑ በኩል በአውራ ጣት ቢጫኑት ወደ ውስጥ ይገባል። በላዩ ሦስቱ ማኅተሞች ተደርድረዋል፦ ተፈትኗል፣ ተፈትኗል፣ ተፈትኗል።

«ማነው የሰበረው?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ስፈትነው። ሦስቴም እኔ ነኝ።»

ወደ ቁልቁለቱ አየች፣ ሄልሜቱን አየች። ሰሞኑን በዚያ ቁልቁለት እንዴት እንደወረደች እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። አዲሱን ሰጣት። እሷም፣ የዚያ ድርጅት ሰው ሁሉ ልማዱ ነውና፣ አገላብጣ ማኅተሙን ፈለገች።

«ተፈትኗል?»

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። ወደ መካኒኩ ዞር አለ፣ ወደ ልጁ ተመለሰ።

«አልተፈተነም» አለ።

«አባዬ!»

«ከተፈተነ አይሠራም። አብረውት የተሠሩት ተፈትነዋል፤ እነሱ ተሰብረዋል፤ ይኸ አልተነካም። እንዲህ ነው አሉኝ። ምንም ማኅተም የለበትም ልጄ። አይዞሽ ብዬ የምሰጥሽ ነገር የለኝም።»

ልጅቷ ትንሽ አየችው። ከዚያ ሄልሜቱን አደረገችው፣ አገጯን ቀና አድርጋ ማሰሪያውን እንዲያስርላት ጠበቀችው። አሰረላት። ሳይክሏ ላይ ወጣችና ቁልቁለቱን ጀመረች።

ፍሬኑ ጮኸ። ከጥርስ ሐኪሙ በር ጀምሮ ጮኸ፣ የቦይ ክዳኑ ጋ ሲደርስ አብዝቶ ጮኸ፣ እስከ ታችኛው አደባባይ ድረስ ሳያቋርጥ እሪ እንዳለ ወረደ። ሰዎች በየመስኮቱ ብቅ እያሉ ጆሯቸውን ያዙ። ፈታኙ የተሰበረውን ሄልሜት አቅፎ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አዳመጠ።

መካኒኩ አፈረ። «በቃ፣ ነገ እሠራላታለሁ» አለ።

«እንዳትነካው!» አለው ፈታኙ።